ሰርጉ እሁድ ነው፣ ዲኮሬተሩ ጠፋ! አደይ አበባ የት ይገኛል?

የሙሽራዋ እህት (ረቡዕ፣ ጥር 20)
ሰላም ለዚህ ቤት። እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። የእህቴ ሰርግ እሁድ ነው። ዲኮሬተሩ 40 ሺ ብር ቀብድ ወስዶ ከሰኞ ጀምሮ ስልኩ ዝግ ነው። ሱቁ ድረስ ሄድን፣ ተቆልፏል። የተስማማነው መድረኩም ጠረጴዛውም በአደይ አበባ እንዲያምር ነበር። እሷና እጮኛዋ የተዋወቁት በእንቁጣጣሽ ነው። ለዚህ ነው አደይ ካልሆነ ያለችው። አሁን ራሳችን ልንሠራው ነው። አደይ አበባ በብዛት የሚሸጥበትን ቦታ የምታውቁ ንገሩኝ። እህቴ እያለቀሰች ነው። በእመቤቴ!

ሚዜ ነበርኩ
አይዞሽ እህቴ። አዳራሽ ነው ወይስ ድንኳን? ስንት ሰው ነው? አዲስ አበባ ናችሁ? ይሄን ሳናውቅ ምን ብለን እንምከርሽ።

የሆለታው
እውነቱን ልንገርሽ፣ ጊዜ እንዳታባክኚ። በጥር አደይ አበባ የለም። አደይ ክረምቱን ጠጥቶ መስከረም ላይ የሚፈነዳ አበባ ነው። መስቀል አለፍ ሲል ይረግፋል። ገበያ ውስጥ አርሶ የሚሸጠውም ሰው አላውቅም። ያ ዲኮሬተር አመጣለሁ ብሎ ከነበረ ያሰበው የፕላስቲክ ነው።

ሁሉ በእጄ
የፕላስቲክ አበባ ተከራዩ። መርካቶ ሞልቷል። አለቀ።

የድሮ ሰው
ልጆች፣ በእኛ ጊዜ ዲኮሬተር የሚባል አልነበረም። ሰርግ ሲደርስ የሰፈር ጎረምሳ ይሰበሰባል። ባሕር ዛፍ ይቆርጣል፣ ዳስ ይጥላል፣ ቅጠል ያለብሰዋል። በሩ ላይ ግራና ቀኝ የሙዝ ግንድ ይቆማል። ዘንባባው ከላይ ጎበጥ ተደርጎ ይታሰራል። መሬቱ ላይ ቀጤማ ይጎዘጎዛል። መንገደኛው ከሩቅ አይቶ እዚህ ቤት ሰርግ አለ ይላል። ዛሬ ግን ሁሉም አዳራሽ አንድ ዓይነት ነው። ያው ነጭ መጋረጃ፣ ያው የወርቅ ቀለም ወንበር፣ ያው መብራት። የማን ልጅ እንደምትዳር በፎቶው አይታወቅም። ገንዘቡም እንዲህ ለማይታወቅ ሰው ይሰጥና ይጠፋል። ሰው ያላችሁ መስሎኛል። ወንድም የለሽም? የአጎት ልጅ የለም? ዘንባባ ቆርጦ የሚያመጣ ጎረምሳ ጠፍቶ ነው?

የሙሽራዋ እህት
ይቅርታ፣ ተቻኩዬ ነው ሳልጽፈው የቀረሁት። አዲስ አበባ ነን፣ ኮተቤ። ድንኳን ነው፣ ግቢያችን ውስጥ። 200 ሰው፣ 20 ጠረጴዛ። ድንኳኑ፣ ወንበሩና የጠረጴዛው ጨርቅ ከሌላ ሰው ነው የተከራየነው፣ እሱ አስተማማኝ ነው። የጎደለው ጌጡ ብቻ ነው። ጋሼ፣ ወንድሞች አሉን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆለታው፣ በእውነት በጥር ፈጽሞ አይገኝም? በደጋው አካባቢም?

የሆለታው
በደጋውም የለም እህቴ። አሁን ሜዳው ደርቆ ገለባ ነው የሚታየው።

ቅዳሴ ቤት
ቀኑን አስተውላችኋል? እሁድ ጥር 24 ነው። ሰኞ ጾመ ነነዌ ይገባል፣ እስከ ረቡዕ። መልሱ መቼ ነው? ሰኞ ወይም ማክሰኞ ከሆነ አበባው ሳይሆን ምግቡ ነው የሚያሳስበው።

የሙሽራዋ እህት
ይሄንንማ አስበንበታል። መልሱ ሐሙስ ጥር 28 ነው፣ እዚሁ ግቢ። ድንኳኑም እስከዚያ ይቆያል።

ሦስት ልጅ ድሬያለሁ
እንግዲያውስ ሰርግ የምታስጌጪው ለአንድ ቀን አይደለም ልጄ። እሁድ የተሰቀለው ሐሙስ እንዲያምር ነው የምትፈልጊው። የተቆረጠ አበባ በድንኳን ሙቀት እስከ ሐሙስ አይደርስም። የጥር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ድንኳኑን ምድጃ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ በሥሩ ያለ አበባ፣ በማሰሮ የተተከለ፣ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ግዙ። መድረኩ ሥርና መግቢያው ላይ ደርድሩት። ውኃ ካገኘ ሐሙስም እንዳማረ ነው። ከዚያ በኋላም ግቢያችሁ ውስጥ ትተክሉታላችሁ።
አሁን ደግሞ ስለ አደዩ ልናገር፣ አትቀየሚኝ። ለምን በጥር የመስከረም አበባ ትሻላችሁ? ጥር የራሱ ጌጥ አለው። ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። አውድማው ላይ እህል አለ። የተዋወቁት በእንቁጣጣሽ ነው፣ እሺ፣ ደስ ይላል። የሚጋቡት ግን በጥር ነው። ልጆቻቸው ወደፊት ፎቶውን ሲያዩ እናታችን በጥር ተዳረች እንዲሉ እኔ ደስ ይለኛል።

የሙሽራዋ እህት
አልቀየምም እማዬ። ግን አደዩ ለእሷ ጌጥ ብቻ አይደለም። ያኔ አባታችን ታሞ ተኝቶ ነበር። እጮኛዋ በእንቁጣጣሽ አደይ ይዞ ሊጠይቀው መጣ። አባታችን ዛሬ የለም። እህቴ አደይ ስትል እሱንም ነው የምታስበው። ለዚህ ነው ጥር ነውና ተዪው ማለት ያቃተኝ።

ሦስት ልጅ ድሬያለሁ
ነፍስ ይማር ልጄ። ይሄ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። አደዩ መኖር አለበት። እንዴት እንደሚኖር እናስብ።

ጠጅ ቤቱ
ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። እኔ ደግሞ ለሰርግ ያልወጣ ብርሌ ይሰባበር እላለሁ! ቢጫ ነው የጠፋው? ጠጅ በብርሌ ሞልታችሁ በየጠረጴዛው መሐል አቁሙ። ከአደይ የበለጠ ቢጫ ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበትማ ያበራል። ችግሩ ምሳ ሳይደርስ ጌጡ ተጠጥቶ ማለቁ ነው።

ሚዜ ነበርኩ
ሃሃሃ! እኛ ሰርግ ላይ ይህ ጌጥ ኬክ እስኪቆረጥ አይቆይም። ግን ብርሌው እኮ ጥሩ ሐሳብ ነው። ባዶውን ብርሌ ውኃ ሞልተሽ አንድ አንድ ቢጫ ጽጌረዳ ብትከቺበት የአበባ ማስቀመጫ አትገዢም። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አበባው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጎረቤት ሁሉ ብርሌ አለው።

ሁሉ በእጄ
የፕላስቲክ አበባ ተከራዩ ብያለሁ። አደዩም በፕላስቲክ አለ። ሐሙስም አይጠወልግም።

የድሮ ሰው
ፕላስቲክ ለሰርግ? አቧራው ሳይራገፍ ከሰርግ ሰርግ የሚዞር ነገር እኮ ነው።

የጥምቀት ልጅ
ሎሚ! ሎሚ የማያስታውስ ሰው ይኖራል? በጥምቀት ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ በሎሚ ነው የሚወረውራት። ከዚህ በላይ የጥርና የትዳር ጌጥ የት አለ? በደንብ የበሰለውን፣ ቢጫ የሆነውን ምረጡ። በትንሽ ሰፌድ ወይም በመስታወት ሳህን በየጠረጴዛው አስቀምጡት። በአንድ ጠረጴዛ 15 ከሆነ ለ20 ጠረጴዛ 300 ሎሚ ነው። ጥላ ውስጥ ከዋለ እስከ ሐሙስ አይበላሽም። መካከል ላይ ጥቂት ብርቱካንና ትርንጎ ብትጨምሩ መጠኑ ስለሚለያይ ያምራል። ሽታውም ድንኳኑን ይሞላዋል።

ጠጅ ቤቱ
ሎሚ በዚህ ዋጋው? እንግዳው ለጉንፋን ይሆናል እያለ በኪሱ ይዞት ነው የሚሄደው።

የጥምቀት ልጅ
ይውሰድ! ለእንግዳ የሚሰጥ ማስታወሻ ገዝታችሁ ከምታሽጉ እሱ ይሁናችሁ። ለሐሙሱ ግን ግማሹን ቤት ውስጥ አስቀሩ።

አራተኛ ክፍል ለ
አስተማሪ ነኝ። ስለ አደዩ አንድ ነገር ልበል። ልጆች በእንቁጣጣሽ አበባና መልአክ እየሣሉ ለዘመድ ለጎረቤት ይሰጣሉ አይደል? እህትሽ አደይ የምትፈልገው በእንቁጣጣሹ ምክንያት ከሆነ የቤተሰቡን ልጆች ዛሬ ማታ ሰብስቢያቸው። ጠንከር ያለ ነጭ ወረቀትና ቀለም ስጫቸው። እያንዳንዳቸው ልክ ለእንቁጣጣሽ እንደሚሥሉት አደይ ይሣሉ። 20 ሥዕል ከሆነ በየጠረጴዛው አንድ ይቆማል። የጠረጴዛውን ቁጥር ጥጉ ላይ ጻፊበት። ከሥዕሎቹ ትልቁን ከሙሽሮቹ ወንበር ኋላ ስቀሉት። አንዱን ደግሞ ከአባታችሁ ፎቶ ጎን አድርጉት። አደዩ በጥርም ይመጣል፣ ያውም የልጅ እጅ ይዞት። የልጅ ሥዕል ጠመም ማለቱ አያሳስብሽ፣ አታስተካክዪባቸው።

ሦስት ልጅ ድሬያለሁ
ይሄን ያልሽ እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። እንባዬን አመጣሽው። ከሙሽሮቹ ወንበር ኋላ ደግሞ ስፌት ስቀሉ። እናትሽ የሰፋችው ሌማትና ሰፌድ ይኖራል፣ የአክስቶችሽም አለ። ትልቁን መሐል፣ ትንንሹን ዙሪያውን። ከመርካቶ አዲስ ከመግዛት የቤት ስፌት ይበልጣል፣ ማን እንደሰፋው ይታወቃል። ከጎረቤት በውሰት የምታመጪውን ጀርባው ላይ በክር ምልክት አድርጊበት። ከሰርግ በኋላ የማን ሰፌድ ነው የሚባል ጭቅጭቅ ክፉ ነው።

የሙሽራዋ እህት
ስፌቱ አለን! እናቴ አሁን ከቁም ሳጥን ላይ እያወረደች ነው። የወንድሜ ልጆችም መጥተዋል፣ ቀለም ሊገዙ ወጡ። ጽጌረዳውን ግን መቼ ልግዛ? ዛሬ ብገዛ እስከ እሁድ ይቆያል?

የሆለታው
ዛሬ አትግዢ። የአበባ እርሻ ላይ ስለሠራሁ በደንብ ስሚኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግዢ። ሙሉ በሙሉ የተከፈተውን አትያዢ፣ እምቡጡ ከላይ መላቀቅ የጀመረውን ምረጪ። የፍቅረኞች ቀን የካቲት 7 ስለሆነ እርሻዎቹ በዚህ ሰሞን ቀዩን ወደ ውጭ ለመላክ ነው የሚሯሯጡት። ቀይ ይወደዳል። ቢጫና ነጭ ይሻላል፣ ለእናንተም የሚያስፈልገው ቢጫው ነው። ግንዱ አጭር ወይም ጠመም ያለ ስለሆነ ለውጭ ገበያ ያልተላከ አበባ እዚሁ ይሸጣል። ለብርሌ ረጅም ግንድ ምን ያደርግልሻል? አጭሩን ግዢ፣ ርካሽ ነው።
ቤት ስታደርሺው ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል በሙሉ አውልቂ። ቅጠል ውኃ ውስጥ ከበሰበሰ አበባውን ይገድለዋል። የግንዱን ጫፍ በስለታም ቢላ ሰያፍ አድርገሽ ቁረጪ፣ በመቀስ አትጨፍልቂው። በንጹሕ ባልዲ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተቺው። ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጠብታ በረኪና ጨምሪ። ስኳሩ ምግቡ ነው፣ በረኪናው ውኃው እንዳይበላሽ ነው። የጥር ሌሊት ብርዱ ጥሩ ማቀዝቀዣ ነው፣ ባልዲውን በረንዳ ላይ አሳድሪው። ከሙዝ አጠገብ ግን እንዳታስቀምጪ። የሚበስል ሙዝ የሚያወጣው አየር አበባን ያስረጃል። ወደ ብርሌው የምትከቺው እሁድ ማለዳ ነው። ለሐሙስ ሌላ ጥቂት እምቡጥ ረቡዕ ግዢ።

የድሮ ሰው
ቀጤማውን ደግሞ እንዳትረሱ። ያለ ቀጤማ ሰርግ አይባልም። መሬቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ጎዝጉዙት።

ሦስት ልጅ ድሬያለሁ
ጋሼ፣ በቬሎ? ትኩስ ቀጤማ እርጥብ ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ አረንጓዴ ይለቃል፣ አይታጠብም። ረጅም ተረከዝም ላዩ ላይ ያዳልጣል። ሙሽራዋ የምታልፍበት መሐሉ ምንጣፍ ይሁን። ቀጤማው ግራና ቀኝ ይጎዝጎዝ፣ ጠጅ ሳርም ጣል ይደረግበት፣ ሽታው ሌላ ነው። ሐሙስ በሐበሻ ቀሚስ ናት፣ ያን ቀን እንደ ልብዎ ይጎዝጉዙት።

የድሮ ሰው
እሺ፣ ይሄ ልክ ነው። ሐሙስ ሙሉውን።

መብራት ይሁን
ማንም አላነሳውም፣ እኔ ላንሳው። አንድ ሰው ገለባና የስንዴ ዛላ መጨመሩ አይቀርም፣ ወቅቱ ነውና ያምራል። ከገለባው አጠገብ ሻማ እንዳይኖር! የጥር ነፋስ አለ፣ ድንኳኑ ጨርቅ ነው፣ ገለባው ደረቅ ነው። መብራት ቢጠፋ በባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ አምፖሎች ይበቃሉ። ሻማ ከፈለጋችሁ ከሙሽሮቹ ፊት ብቻ፣ መስታወት ውስጥ፣ አጠገቡም ውኃ ይቀመጥ።

ፒክአፕ አለኝ
እኔ የአያት ሰፈር ልጅ ነኝ፣ ለኮተቤ ቅርብ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ነፃ ነኝ። ዘንባባና የሙዝ ግንድ የሚጭን መኪና ካስፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ነዳጁን ብቻ ሙሉልኝ። የሙዝ ግንድ ከባድ ነው፣ ሁለት ወንድሞችሽን አሰልፊ።

ሕግ ይከበር
ቀብዱንስ ልትተዉት ነው? የከፈላችሁበት የባንክ ደረሰኝ፣ የተላላካችሁት መልእክት ካለ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ውል ካላችሁም ያው ነው። ከሰርጉ በኋላ ለፖሊስ አመልክቱ። አሁን ግን እሱን በማሳደድ ቀን አታቃጥሉ።

ሁሉ በእጄ
እኔ አሁንም የፕላስቲኩ ይሻላል ነው የምለው።

አራተኛ ክፍል ለ
የሙሽራዋ እህት፣ ልጆቹ ሣሉ? ቢጫው ብቻውን ነጭ ወረቀት ላይ ከሩቅ ስለማይታይ ዙሪያውን በአረንጓዴ ይክበቡት። መሐሉንም ጠቆር ያድርጉት።

የጥምቀት ልጅ
ሎሚውስ ተገኘ?

የየካቲት ሙሽራ (ዓርብ፣ ጥር 22)
ሰላም፣ ርዕሱን ላለመበተን ብዬ እዚሁ ልጠይቅ። የእኔ የካቲት 1 ነው፣ አዳራሽ ነው። ነጭ ጽጌረዳ ነው የምፈልገው። ለየካቲት 7 ስድስት ቀን ብቻ ነው የሚቀረው፣ ጨርሶ ይጠፋል?

የሆለታው
አይጠፋም፣ ግን ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል። ዛሬውኑ አበባ ሻጭሽን አናግሪ፣ ብዛቱን ንገሪው፣ ዋጋውን ቁረጪ። ቀብድ ስትከፍዪ ግን በደረሰኝ። ነጩ ጽጌረዳ ካነሰሽ ጂፕሶፊላ አለ፣ ያች እንደ ጤዛ የተበተነች ትንንሽ ነጭ አበባ። ጥቂቷ ብዙ ቦታ ትሞላለች፣ ስትደርቅም መልኳን አትለቅም።

የየካቲት ሙሽራ
በአንድ ጠረጴዛ ስንት ግንድ ይበቃል?

የሆለታው
ለአሥር ሰው ጠረጴዛ ሰባት ጽጌረዳና ሁለት ግንድ ጂፕሶፊላ። ዝቅ አድርገሽ ሥሪው፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ እንግዶች እንዲተያዩ።