«በፍጹም» እንዴት «አይሆንም» ማለት ሆነ?

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አስር አመቷ ነው፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ነው የተወለደችው፣ አማርኛ ማንበብ እያስተማርኳት ነው። ትናንት ማቴዎስ 22፥37 ላይ «ጌታ አምላክህን በፍጹም ልብህ… ውደድ» ሚለው ጋ ስትደርስ ቆመችና «እማዬ፣ በፍጹም ማለት ኖ ማለት አይደል እንዴ? ታዲያ እንዴት ውደድ ይላል?» አለችኝ። ከረሜላ ስትለምነኝ «በፍጹም!» ነው ምላት፣ ምታውቀው ያንን ብቻ ነው። ምን ብዬ ላስረዳት?

መልስ 1
እግዜር ያሳድግልሽ እህቴ፣ ጥሩ ነገር ነው ያየችው። ፈጸመ ማለት ጨረሰ ነው፣ ፍጹም ደሞ ምንም ያልጎደለው፣ ስለዚ በፍጹም ልብህ ሲል በሙሉ ልብህ፣ ሳታስቀር ማለቱ ነው። «በፍጹም አልሄድም» ስንልም ስራው ማጠንከር ብቻ ነው፣ እምቢታውን የተሸከመው ግሱ ነው፣ ግን ቃሉ ከ«አል»ና ከ«አይ» ጋ መዋል ሲያበዛ ሰው ግሱን መጨረስ ተወና «ትመጣለህ?» ሲሉት «በፍጹም!» ብሎ ያርፈዋል፣ እምቢታው ተጋባበት ማለት ነው። የፈረንሳይኛው «ፓ»ም ድሮ «እርምጃ» ማለት ነበር፣ «እርምጃ እንኳ አልሄድም» እየተባለ ቆይቶ ዛሬ በንግግር አሉታውን ብቻውን ይሸከማል።

መልስ 2
«ጨርሶ»ም እኮ ያው ነው። «ምሳውን ጨርሶ ሄደ» ሲባል ምሳው አልቋል፣ «ጨርሶ አልገባኝም» ሲባል ግን ያለቀ ነገር የለም። እኔን ሁሌ ሚገርመኝ ግን «ክፉኛ» ነው፣ «ክፉኛ ታመመ» ላይ ክፋቱ አለ፣ «ክፉኛ ይወዳታል» ላይ ግን የት ገባ? ብዛቱ ብቻ ነው የቀረው። «አጥብቆ»ም ገመድ ከማሰር ተነስቶ «አጥብቆ ለመነኝ» ላይ ደርሷል።

መልስ 3
ይሄ ሁሉ መላላት አይመስላችሁም? አሁን ደሞ ወጣቱ «ያበደ ምሳ» ይላል፣ ምሳ ያብዳል እንዴ? ቋንቋው እየተበላሸ ነው።

መልስ 2
ወንድሜ፣ «ክፉኛ ይወዳታል»ን እኮ ከአያቴ ነው የሰማሁት፣ ወጣት አላመጣውም። «በጣም» ሲደጋገም ጉልበቱ ያልቅና «በጣም በጣም» እንላለን፣ እሱም ሲያንሰን ሌላ ቃል እንፈልጋለን። «ያበደ»ም ከዛው ፍለጋ የመጣ ነው።

ጠያቂዋ
ተባረኩ፣ ዛሬ «ፈጸመ ማለት ጨረሰ ነው» ብዬ ጀመርኩላት። ትንሽ አሰበችና «እሺ እማዬ፣ በፍጹም ልቤ ከረሜላ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ሰጠኋት።