በጎሳ መንግሥትና በግዛት ሕግ አውጪዎች መካከል ለምሠራው ሥራ ምክር እሻለሁ

ጤና ይስጥልኝ። በዋሽንግተን ግዛት የአንድ ነባር ሕዝብ የጎሳ መንግሥት የፖሊሲ አማካሪ ነኝ። ያስጨነቀኝ ጊዜ ነው። ዘንድሮ የሕግ አውጪዎቹ ጉባኤ የ60 ቀን አጭሩ ነው፤ ረቂቅ በአንድ ሌሊት ይሻሻላል፣ የጎሳው ምክር ቤት ግን ተሰብስቦ ሳይመክር አቋም አይዝም።

በእጄ ያለው ረቂቅ የሳልመን ዓሣ ወንዞችን ዳርቻ ይነካል። ጎሳው በ1855 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ውል የገባ፣ በ1974 የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሌሎች ባለውል ጎሳዎች ጋር ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሽ ድረስ የማጥመድ መብቱን ያጸናለት መንግሥት ነው። በኮሚቴ ፊት የጥቂት ደቂቃ አስተያየት አይበቃውም፤ ይህን አጥብቄ አምናለሁ።

በዚህ ሥራ ያለፋችሁ፣ ምክር ቤቱ ከሕግ አውጪዎቹ ጋር የሚደረገውን ድርድር ወሰን አስቀድሞ እንዲወስንላችሁ ያደረጋችሁት እንዴት ነው? ሌላው ይብሳል፦ ለግዛቱ የሚገባ ሰነድ በሕዝብ መዛግብት ሕግ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ የተቀደሱ ስፍራዎችን መገኛ በጽሑፍ ሳላሰፍር እንዴት ላስረዳ? ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ቀርቧልና እባካችሁ።