ከኮምቦልቻ ላሊበላ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የደሴዋ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቴ የላሊበላ ስለት አለባት፣ ዘንድሮ ለገና ካልወሰድሽኝ ብላ ይዛኛለች። ችግሩ ወገቧ ነው። ባለፈው ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ወረድን። 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሐረጎ ላይ በየጥምዝምዙ የፊቱን ወንበር በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ፣ ስንደርስ ጣቶቿ አልዘረጋ አሏት። እና በአውሮፕላን ልውሰዳት ብዬ አሰብኩ። ከኮምቦልቻ ኤርፖርት እስከ ላሊበላ ኤርፖርት ምን ያህል ይርቃል? ካርታ ላይ ሳየው ቅርብ ነው፣ ጣት አይሞላም።

የኮምቦልቻው፦
እህቴ፣ ቅርብ መሆኑስ እውነት ነው። በአየር ቀጥታ ቢለካ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአገር ውስጥ የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በዚህ ካሰላሽው 13 ደቂቃ ይወጣል፣ ግን እንደዚያ አይደለም። ተነስቶ ከፍታ እስኪይዝ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ እስኪያርፍ በዝግታ ነው። ግማሽ ሰዓት ያዢለት።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ቲኬት ስትቆርጪ የሚሰጡሽ በቦሌ በኩል ነው። ወደ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ትወርጃለሽ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሰሜን 330 ያህል ትመለሻለሽ። ከቀጥታው አራት እጥፍ ይበልጣል! እያንዳንዱ በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መሃል ላይ ቦሌ መጠበቅ አለ። ላሊበላ ካረፋችሁ በኋላም ከተማው ድረስ 25 ኪሎ ሜትር የመኪና መንገድ ይቀራል።

የወልድያ መስመር ሹፌር፦
ከደሴ በመኪና 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በመርሳ አድርገሽ ወልድያ 120 ነው፣ እሱ አያስቸግርም። ከወልድያ በኋላ የድልብ ዳገት አለ፣ ጥምዝምዙ ከሐረጎ ይብሳል። ጋሸና ስትደርሺ ወደ ቀኝ ታጥፈሽ 64 ኪሎ ሜትር። እናትሽን ጋቢና አስቀምጫት፣ ወልድያ እደሩ። በአንድ ቀን እንዳትሞክሪው። አልጋም ቀድመሽ ያዢ፣ ለገና ላሊበላ ማደሪያ አይገኝም።

እናቱን ያመላለሰ፦
እኔ ኪሎ ሜትሩን ሳይሆን ሳይነሱ የሚቀመጡበትን ጊዜ ነበር የምቆጥረው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተቀምጠው ይነሳሉ፣ ቦሌ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ቲኬቱን ስትቆርጪ ዊልቸር ይፈልጋሉ ብለሽ አስመዝግቢ። ደረጃው ነው የሚጎዳቸው። በመኪና ከሄዳችሁ ደግሞ ትንሽ ትራስ ከወገባቸው ጀርባ አድርጊላቸው፣ በየሰዓቱ አስቁሚ።

የደሴዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ቡና ላይ መልሳችሁን አንድ በአንድ አነበብኩላት። እኔ በቦሌ ልወስዳት ቆርጬ ነበር። እሷ «ወልድያ» የሚለውን ስትሰማ ስኒዋን አስቀመጠች። እህቷ እዚያ ናት፣ ከተያዩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። «እሷ ቤት ሳላድር ነው በሰማይ የምታሳልፊኝ?» አለችኝ። ስለዚህ ስንሄድ በመኪና ነው፣ ጋቢና ላይ፣ በትራስ። ስንመለስ በአውሮፕላን አመጣታለሁ፣ ዊልቸሩንም አስመዘግባለሁ። ወንድሜ ሹፌሩ፣ ድልብን ስንወጣ በስንት ሰዓት ብንነሳ ይሻላል?

የወልድያ መስመር ሹፌር፦
ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከወልድያ ውጡ። ቁርሳችሁን ጋሸና ብሉ።