አልጫ ወጥ ሀበሻ ቀሚስ ላይ ፈሶ ቅባቱ አልለቅ አለኝ፣ መላ በሉኝ

የጦሳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ደሴ ነኝ። ትናንት ሰርግ ቤት ስናስተናግድ የሥጋ አልጫው ከጭልፋው ላይ ጠብ ጠብ ብሎ የለበስኩት ሀበሻ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ፣ ያው የሰርግ ወጥ ነው ቅቤው አይጣል። እቤት ገብቼ በቀዝቃዛ ውሃና በልብስ ሳሙና ሳሸው ጭራሽ ቀላብኝ፣ ደነገጥኩና ተውኩት፣ አሁን ሲደርቅ ክብ ክብ ሰርቶ የቅባቱ ቦታ ጎልቶ ይታያል። የእጅ ፈትል ነው፣ ጥለቱ አረንጓዴና ቀይ፣ ደግሞ የኔም አይደል የወንድሜ ሚስት ናት ያዋሰችኝ። ጎረቤቴ በረኪና ድፊበት ትለኛለች፣ ላድርግ ወይስ ላውንደሪ ልውሰደው?

ቦርከና ዳር፦
አብሽሪ ይለቃል። በረኪናውን ግን በአላህ ተይው፣ ቅባት አያነሳም ጥለቱን ነው የሚበላብሽ። ያንቺ ችግር ሁለት ነው ቅቤውና እርዱ፣ መጀመሪያ ቅቤውን ጨርሺ። ቅቤ የሚቀልጠው ከ30 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ነው፣ የደሴ የጠዋት ውሃ ላይ ደግሞ ብታሺው ብታሺው ክሩ ውስጥ ይረጋል እንጂ የትም አይሄድ። ስለዚህ ደረቅ እያለ ውሃ ሳይነካው ላርጎ ሳትበጠብጪ ቅባቱ ላይ ብቻ ጠብ አድርጊና በጣትሽ ከጀርባው በኩል ቀስ እያልሽ አሺው፣ ብሩሽ የለም የእጅ ፈትል ነው ክሩ ይነሳል። ሩብ ሰዓት ተይውና እጅሽ በሚችለው ለብ ያለ ውሃ አለቅልቂው። ከዛ በፊት ግን ጥለቱን ጫፉ ላይ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አርገሽ እይው፣ ቀለም ከሰጠ ጥለቱን ውሃ ሳታስነኪ ቦታውን ብቻ እጠቢ።

ባለ ቱታው፦
ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ጋራዥ ነው የምሰራው፣ እኛ ግራሶና የሞተር ዘይት ቱታ ላይ ሲደርቅ በነጭ ጋዝ እናሸዋለን ከዛ ላርጎ ከዛ ኦሞ። ለሸማ ግን አልልሽም ሽታው አይወጣም። ለቱታም ቢሆን ውጭ ነው የሚደረገው፣ ከሰል ካለበት ራቅ ብሎ፣ ጋዝ ጋዝ የሚል ልብስ ማሽን ውስጥ ማስገባትም ሆነ ካውያ ማስነካት አደጋ ነው።

ሰኞ ገበያ፦
ለሚቀጥለው ደግሞ እንደፈሰሰ ወዲያው አትሺው፣ ማሸት ቅባቱን ያሰፋዋል። በሶፍት ጫን ጫን አርጎ መምጠጥ፣ ከዛ የሕፃን ፓውደር ወይ ነጭ ዱቄት ነስንሶ ማቆየትና ማራገፍ ነው፣ ሽሮ ያደረገች አውቃለሁ እሷን አትከተሉ። ላውንደሪ ከወሰድሽው ደግሞ ምን እንደፈሰሰበት ንገሪያቸው፣ ዝም ብለው ተኩሰው ከሰጡሽ በኋላ ቅባቱን ማስለቀቅ በጣም ከባድ ነው።

የጦሳዋ፦
ኧረ ተባረኩ! ላርጎውን ሁለቴ አደረግኩት ክቡ ጠፋ፣ ቢጫዋ ግን አለች። ያ መቅላቱስ ምን ነበር ሳሙናው አቃጥሎት ነው?

ቦርከና ዳር፦
አላቃጠለውም፣ እርድ የልብስ ሳሙና ሲነካው ይቀላል፣ ሳሙናው ሲለቀለቅ ወደ ቢጫው ይመለሳል። እርድ ፀሐይ አይችልም፣ ቅባቱ ሙሉ በሙሉ መልቀቁን ብርሃን ላይ ዘርግተሽ ካየሽ በኋላ እርጥቡን ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ቢጫው ያለበት ፊቱን ወደ ላይ አርገሽ፣ ጥለቱ ላይ ግን ነጠላ ጣል አድርጊበት እሱንም ፀሐይ ያፈዘዋል። አንድ ቀን ካልበቃው አርጥበሽ ድገሚው።

ሰኞ ገበያ፦
እዚህ ደሴ ጉሙ እስኪገፈፍ ጠብቂ እንጂ ጠዋት አውጥተሽ አልለቀቀም እንዳትዪን። ካውያም ቢጫው ሳይጠፋ የለም።