የፍሬን ዘይት በየሳምንቱ ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም

ባለ ኮሮላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ኮሮላ 2003፣ ማንዋል፣ ፊቱ ዲስክ ኋላው ታምቡር ነው። የፍሬን ዘይቱን ማክስ ድረስ ብሞላውም በሳምንት ውስጥ ሚን ላይ ይደርሳል። የሚያድርበት ሲሚንቶ ደረቅ ነው። ፔዳሉም እንደ ድሮው አይጠነክርም። ከየት ልጀምር?

ታምቡር ፈቺ፦
ሸራ (ዲስኩን ወይም ታምቡሩን ተጭኖ የሚይዘው) እያለቀ ሲሄድ ዘይቱ በወራት ውስጥ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። በሳምንት ይህን ያህል ከጎደለ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ። እየሞሉ መንዳት ይቅር።

ከኋላ ጀምር። የፊት ጎማዎቹን በታኮ አግድ፣ ክሪኩን ብቻ ሳታምን መደገፊያ አስገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅና ታምቡሩን አውልቅ። ሸራዎቹን የሚገፋው ትንሽ ሲሊንደር ጫፍና ጫፉ ላይ የአቧራ ላስቲክ አለው፤ በካቻቢቴ ገለጥ አድርገህ እይ። ወዝ ብቻ ከሆነ እለፈው። ዘይት ከወረደ ጎሚኒው፣ ማለትም ውስጥ ሆኖ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ፣ አልቋል። ይኼ ዘይት ከሸራው ብናኝ ጋር ተቦክቶ እዚያው ስለሚቀር መሬት ላይ ላይታይ ይችላል።

ጎሚኒ ብቻ መቀየር የሚያዋጣው የሲሊንደሩ ውስጥ ለስላሳ ከሆነ ነው። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም ዝገት ካለ ሲሊንደሩን ራሱን ቀይር። ዘይት የነካው ሸራ ታጥቦ አይድንም፣ የግራና የቀኙን አብረህ ለውጥ።

ሰርቮ፦
ልክ ነው፣ ግን ማስተሩን (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ዋና ሲሊንደር) ሳያዩ መደምደም አይገባም። የማስተሩ የኋላ ጎሚኒ ሲያልቅ ዘይቱን ወደ ሰርቮ (ከጀርባው ያለው፣ የእግርን ግፊት በቫኩም የሚያግዘው ዕቃ) ውስጥ ስለሚያፈስ ከውጭ ምንም አይታይም። ሞተሩን አጥፍተህ ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ፣ ሰርቮው ውስጥ የቀረው ቫኩም ይለቅ። ከዚያ የማስተሩን ሁለት ዳዶዎች ፈትተህ ቱቦዎቹን ሳትነካ ትንሽ ወደ ፊት ሳበው። ጀርባውን በነጭ ጨርቅ ጥረግ። ጨርቁ ከራሰ ማስተሩ ይቀየራል፤ ሰርቮው ውስጥ የተጠራቀመውም ዘይት መውጣት አለበት፣ አለዚያ ላስቲኩን ይበላዋል።

ማንዋል ስለሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ከዚያው የፍሬን ዘይት ዕቃ የሚቀዳ መሆኑን አረጋግጥ። ከሆነ ፔዳሉ ሥርና ካምቢዮው ጎን ያሉትንም ሲሊንደሮች እይ።

ባለ ኮሮላ፦
የማስተሩ ጀርባ ደረቅ ነው። ግራ ኋላ ላስቲኩን ስገልጠው ዘይት ወረደ፣ ሲሊንደሩም ዝጓል። ቀይሬ ስሞላ ምን ልጠንቀቅ?

ታምቡር ፈቺ፦
ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዶት (የዘይቱን ዓይነት) ተከተል። ዶት 3 እና 4 ይቀላቀላሉ፤ ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ አይነካካም። ከከረመ የተከፈተ ጠርሙስ አትሙላ፣ ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲግል ቶሎ ይፈላል። ጎሚኒ በቤንዚን ወይም በናፍታ አይታጠብም፣ ያብጣል። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠብ።

ሲሊንደሩ ሲቀየር መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር ስታስወጣ የማስተሩ ዕቃ ከሚን በታች እንዳይወርድ፤ 1 ሊትር ይበቃሃል። ረዳትህ ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፣ አንተ ማስተንፈሻዋን (ሲሊንደሩ ጀርባ ያለችውን አየር ማውጫ ብሎን) ሩብ ዙር ክፈት፣ እግሩን ከማንሳቱ በፊት ዝጋ።

ሰርቮ፦
ፔዳሉ ሥር እንጨት ይግባ። ማስተሩ አሮጌ ከሆነ እስከ ወለል ሲረገጥ ጎሚኒው ሄዶበት የማያውቀውን የዛገ ቦታ ነክቶ ይቀደዳል፤ ብዙ ማስተር የሚሞተው አየር በሚወጣበት ቀን ነው። ስትጨርስ ሞተሩን አስነስተህ ፔዳሉን ጠበቅ አድርገህ 30 ሰከንድ ያዝ። ቀስ እያለ ከሰመጠ ወይ የሚያፈስ ቦታ ቀርቷል፣ ወይ ማስተሩ ዘይቱን በውስጥ እያሳለፈ ነው። በውስጥ ሲያሳልፍ ደግሞ ዘይቱ አይጎድልም።