ጥቆማ፦ ከኮምቦልቻ ዋሽንግተን፣ ለእናቴ የትኛው መንገድ ይሻላል?

የደሴ ልጅ፦ ሰላም ወገኖች። እናቴ 70 እየተጠጋች ነው፣ ጉልበቷንም ያማታል። እህቴ ጋ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታውን፣ በዱባይ ወይስ በኢስታንቡል ትሂድ? ርቀቱና ሰዓቱስ?

ጦሳ፦ ከቦሌ ዋሽንግተን ዳለስ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። በኢስታንቡል ወደ 12,100፣ በዱባይ ወደ 13,800 ይሆናል። ቀጥታ የሚባለውም ሲሄድ መሃል አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ቦሌ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ይቀንሳሉ። ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ከሙሉ መንገደኛ ጋር ይዞ መነሳት ይከብዳል። መሄጃው ከነማረፊያው ከ16 እስከ 17 ሰዓት፣ መመለሻው ሳያርፍ 13 ሰዓት ገደማ ነው፤ ዳለስ ዝቅተኛ ቦታ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል።

ሐይቅ ዳር፦ ፒያሳ ያለው የኔ ትኬት ቢሮ ሂጂ፣ ሁሉን ይጨርሱልሻል።

የሐረጎ ልጅ፦ ቢሮ ተጠንቀቁ! አንድ ቢሮ የኮምቦልቻውንና የውጭውን ለየብቻ ቆርጦ ሸጠልን። ኮምቦልቻ በጭጋግ ዘገየ፣ የውጭው አመለጠ፣ ትኬቱ ተቃጠለ።

ወረኢሉ፦ እኛንም እንዲሁ! በመኪና ሂዱ እንጂ ከኮምቦልቻ አትነሱ።

ኮምቦልቻ 03፦ በመኪና ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለታመመ ጉልበት ሙሉ ቀን። በአየር 250 ገደማ፣ አንድ ሰዓት ነው። ጥፋቱ የአቆራረጡ ነው። ሁለቱ በረራዎች በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ይሁኑ። ያኔ ሻንጣው ከኮምቦልቻ እስከ ዋሽንግተን ይላካል፤ ቢዘገይም በሌላ በረራ ማሳፈር የአየር መንገዱ ዕዳ ነው። ለየብቻ ከሆነ ሻንጣውን ቦሌ ተቀብሎ እንደገና ማስመዝገብ ነው፣ ቢያመልጥም ኪሳራው የራስ ነው። ክረምት ከሆነ በዋዜማው አዲስ አበባ ግቡ።

ሐይቅ ዳር፦ የኔ ቢሮ እንዲህ አይሠራም። ሻይ ጋብዘው ነው የሚሸኙ።

ጦሳ፦ በሻይ ሻንጣ አይደርስም! ቁጥሩ አንድ ነው ሁለት? እሱን ንገሪን።

ሐይቅ ዳር፦ ወሏሂ ታማኞች ናቸው።

ቦሩ ሜዳ፦ እህቴ አብሽሪ። ለእናትሽ ቀጥታው ይሻላል፤ ነዳጅ ሲሞላ ከአውሮፕላኑ አይወረድም። በዱባይም በኢስታንቡልም አውሮፕላን ይቀየራል፣ በረጅም ኮሪደር ያስኬዳል። የትኛውንም ብትመርጡ ተሽከርካሪ ወንበር ትኬቱ ሲቆረጥ አስመዝግቢ፣ አይከፈልበትም። የመተላለፊያ ዳር መቀመጫ ያዥላት፣ በየሁለት ሰዓቱ ትነሳ። ሰዓቱንም ልብ በይ፤ ትኬት ላይ 22:30 ማለት ከምሽቱ 4:30 ነው። 00:30 ከሆነ ከሌሊቱ 6:30 ነው፤ ቀኑ በፈረንጅ ስለተለወጠ አንድ ቀን ዘግይተው የሚመጡ አሉ። የመድረሻው ሰዓት የዋሽንግተን ነው፤ ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት ማለቂያ በ7፣ በቀረው ጊዜ በ8 ሰዓት ከኛ ወደኋላ ይቀራል። 22:30 ተነስታ በማግስቱ 8:00 ብትደርስ 9 ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ 7 ሲጨመርበት 16 ሰዓት ተኩል ነው።

የደሴ ልጅ፦ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቋንጣ ያሳልፏታል?

ወረኢሉ፦ ቋንጣማ ካልያዘች ምን ልትሠራ ትሄዳለች!

ቦሩ ሜዳ፦ ሽሮና በርበሬ ያልፋል፣ ለጉምሩክ መናገር ብቻ ነው። ቋንጣ ሥጋ ስለሆነ ይወስዱባታል፣ ደብቃ ከተገኘ ቅጣት አለው። በርበሬውን በሁለት ፌስታል አሽጊው፤ ከፈነዳ ልብሷን ሁሉ ይጨርሰዋል።