«ጊዜው ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰናይት ዲሲ፦
ትናንት እዚሁ ስለ ቻርሊ ቻን፣ ስለዚያ ቻይናዊ መርማሪ የድሮ የሆሊዉድ ፊልሞች ሳወራ «ጊዜው ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ዛሬም ከሆዴ አልወጣም። ቅዳሜ በፈረንጆቹ የ1944ቱን «ቻርሊ ቻን ኢን ዘ ሲክሬት ሰርቪስ» ከልጄ ጋር አየሁት። የጦር መሣሪያ የሠራ ሰው ዋሽንግተን ውስጥ ቤቱ እንግዳ እንደሞላ ይሞታል። ንድፉ ይሰረቃል። ከእንግዶቹ ሰላዩ ማን ነው? እስከዚህ ልብ ይሰቅላል። ግን ቻይናዊውን መርማሪ የሚጫወተው ሲድኒ ቶለር የሚባል የሚዙሪ ነጭ ነው። ጥቁሩ ሾፌር ደግሞ ዓይኑን አፍጥጦ ይደነግጣል፣ ይንቀጠቀጣል። ልጄ «እማዬ፣ ለምንድነው ሁልጊዜ እሱ የሚፈራው?» አለኝ። ጊዜው ነው ልበለው? እኔ እነዚህ ፊልሞች በቴሌቪዥን መታየታቸው ይቅር ነው የምለው።

አሮጌ ፊልም፦
ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልሸሽም። ጊዜው ነው። ከቻርሊ ቻን በፊት ሆሊዉድ ቻይናዊ ሲያሳይ ብዙውን ጊዜ ክፉ ሰው አድርጎ ነበር። ከቶለር በፊት ቻርሊ ቻን የነበረው ዋርነር ኦላንድ ራሱ በ1929 ፉ ማንቹ የሚባለውን ክፉ ቻይናዊ ተጫውቷል። በ1931 ቻርሊ ቻንን ሲጫወት ግን ቻይናዊው በክፍሉ ካሉት ሁሉ ብልጡ ሰው ሆነ። ኦላንድ በ1936 ሻንጋይ ሲሄድ በደስታ ነው የተቀበሉት። ቻይናውያንም የራሳቸውን ቻርሊ ቻን ሠርተዋል። እነሱ ወደውት እኛ ስለነሱ እንቆጣ?

የዳላስ ልጅ፦
ወንድሜ፣ «ጊዜው ነው» ስትል ጊዜው ሰው አልነበረውም ማለትህ ነው? ኪይ ሉክ ጓንግዡ የተወለደ ተዋናይ ነው። እዚያው ፊልሞቹ ውስጥ የኦላንድ ልጅ ሆኖ ይጫወታል። አባትየው ስዊድን የተወለደ፣ ልጁ ትክክለኛ ቻይናዊ! በ1944ቱም ልጅየው ቤንሰን ፎንግ ነው። ሰው ሞልቷል። ዋናውን ቦታ የነፈጋቸው ሰው ነው እንጂ ጊዜ አይደለም።

አሮጌ ፊልም፦
ሰው ሁሉ በዘመኑ ነው የሚኖረው። ስቱዲዮው ትኬት መሸጥ ነበረበት።

ሰናይት ዲሲ፦
እሺ፣ በዘመኑ እንሂድ። ቻርሊ ቻንን በ1926 ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም የተጫወተው ጆርጅ ኩዋ ነው፣ ጃፓናዊ። በ1927 ሶጂን ካሚያማ፣ እሱም ጃፓናዊ። ታዲያ ያንተ «ጊዜ» ወደፊት ሄደ ወይስ ወደኋላ?

አሮጌ ፊልም፦
እነዚያ ላይ እኮ ቻን ትንሽ ሚና ነው። ብልጭ ብሎ የሚጠፋ።

ሰናይት ዲሲ፦
አፌ ላይ የነበረውን ተናገርክልኝ! ሚናው ትንሽ ሳለ ለእስያዊ ተሰጠ። ትልቅ ሲሆን ተወሰደበት። ይህን ጊዜ አላደረገውም። ሰዎች ተቀምጠው ወሰኑት።

ጋሽ ሲኒማ፦
ልጆቼ፣ እኔ የምወደው የ1937ቱን የኦሎምፒክ ፊልም ነው። አውሮፕላን በርቀት የሚነዳ መሣሪያ ይሰረቃል፣ ሰው ይገደላል፣ ሰላዮቹ እስከ በርሊን ኦሎምፒክ ይደርሳሉ። ኪይ ሉክ ለአሜሪካ የሚዋኝ ስፖርተኛ ሆኖ ነው የሚተውነው። የጄሲ ኦወንስ እውነተኛ ሩጫም አለበት። ናዚ በሚገዛት ከተማ ቻይናዊ አባትና ልጅ ሰላይ ሲያሳድዱ አስቡት። ይሄንንም አታሳዩ ልትሉ ነው?

የዳላስ ልጅ፦
ጋሼ፣ ማንም ይቃጠል አላለም። በ2003 ፎክስ የፊልም ጣቢያ እነዚህን ፊልሞች በተከታታይ ሊያሳይ ሲል እስያውያን አሜሪካውያን ተቃወሙ፣ ጣቢያው ተወው። በኋላ ግን ከፊልሞቹ ጋር ውይይት ጨምሮ አሳየ። እኔ በዚያ እስማማለሁ።

ሰናይት ዲሲ፦
እኔ አልስማማም። ልጅ ውይይቱን አይጠብቅም። ፊልሙን አይቶ ይተኛል።

ቤተልሔም፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ የቻይኖችና የአሜሪካኖች ጉዳይ ነው። እኛን ምን አገባን?

የዳላስ ልጅ፦
እህቴ፣ ማንታን ሞርላንድ የተጫወተው ሾፌር ቆዳው የማን ይመስላል? ፖሊስ መኪናሽን ሲያስቆም «ሐበሻ ነኝ» ስትዪው ይለይልሻል?

ቤተልሔም፦
በፊልም ጀምረህ ፖሊስ ላይ ደረስክ። እኔ ሰው አልናቅሁም።

ጋሽ ሲኒማ፦
ሞርላንድን ግን አትንኩት። ከሌላው ተዋናይ ጋር ንግግር ሲቀባበል ጊዜውን ስቶ አያውቅም። የሉዊዚያና ልጅ ነው፣ በዚያ ዘመን በሙያው ያደረ ታላቅ ኮሜዲያን። ጥፋቱ የጻፉለት እንጂ የሱ አይደለም።

ሰናይት ዲሲ፦
ጋሼ፣ እሱን አልነካሁትም። የምቆጨው ለሱ ነው። ያን ያህል ችሎታ ይዞ መንቀጥቀጥ ብቻ ሲሰጡት።

አሮጌ ፊልም፦
ታዲያ ፊልሙ ከተደበቀ የሞርላንድን ችሎታ ማን ያያል? ልጅሽ ጥያቄውን የጠየቀሽ እኮ ስላየው ነው።

ሰናይት ዲሲ፦
ሥራ ልገባ ነው። «ትንሽ ሚና ነው» ያልከውን ግን አልለቅህም። ማታ እመለሳለሁ።